ጠባብ ሞተር ላይ ካንዴላና ኬብል መቀየር፦ ሞተሩ ወንበር ስር ላለ የድሮ ሚኒባስ

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር የሚያወጣው ዳገት ካንዴላን፣ ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ፣ ያጋልጣል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ወይም ወደ ጫጫ በሚወስደው አስፋልት ላይ ምንም ያላለ መኪና፣ ዳገቱን ሲጀምር ይንቀጠቀጣል፣ ይታፈናል፣ ማርሽ ቀንሳችሁም ያው ነው። ባለቤቱ «ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል» ይላል። ረዳቱ «ፊልትሮው ነው» ይላል። ጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪም የራሱን ይጨምራል። ሁሉም ሊሆን ይችላል። ግን ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር) ደህና ሆኖ ጭነት ሲበዛበት ብቻ የሚደነቃቀፍ ከሆነ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ካንዴላውንና ኤሌክትሪኩን የሚያመጣለትን ኬብል ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ነዳጅ በደንብ ስትረግጡ ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር ይበዛል፣ ሲታመቅም ግፊቱ ይጨምራል። በታመቀ አየር ውስጥ ብልጭታ ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ካንዴላው አርጅቶ ክፍተቱ ከሰፋ ደግሞ የበለጠ ይፈልጋል። ጤነኛ ኬብል ይችለዋል። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ኬብል ግን አይችለውም፣ ኤሌክትሪኩ በስንጥቁ ወጥቶ አጠገቡ ያገኘው ብረት ላይ ይዘላል፣ ያ ሲሊንደር በዚያች ቅጽበት ሥራ ፈታ ማለት ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ይብሳል፣ እርጥበት ለሚያፈስ ኬብል መንገድ ይከፍትለታልና።

ይህን የምጽፈው በተለይ የቤንዚን ሃይ ሩፍ ላላችሁ ነው፣ ሞተሩ ጋቢና ወንበር ስር የተቀበረውን ማለቴ ነው። ባለ ዲስትሪቢውተር (ኤሌክትሪኩን በየተራ ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) የድሮ ኮሮላ ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል። መኪናችሁ ናፍጣ ከሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም፣ ናፍጣ ያለው ካንዴሌታ ነው፣ ሥራውም ሌላ ነው። በእያንዳንዱ ካንዴላ ላይ ለብቻው ኮይል (ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚያመነጨው) የተቀመጠባቸው አዳዲስ መኪኖችም ይህ ኬብል የላቸውም።

መጀመሪያ ዕቃ

ካንዴላ ስትገዙ «የሃይ ሩፍ ስጠኝ» ብቻ አይበቃም። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም የተጻፈበትን ኮድ ፎቶ አንሱ። ኤንጂኬ በሚባለው ብራንድ ላይ ያለው ኮድ ብዙ ነገር ይናገራል። ለምሳሌ ቢፒአር5ኢኤስ-11 ብትሉ፣ ቢው 14 ሚሊሜትር ጥርስ (ተጠምዝዞ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ክፍል) እና በ20.8 ቡሶላ (መፍቻ) የሚፈታ ራስ ነው፣ አሩ ውስጡ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ) አለው ማለት ነው፣ 5ቱ የሙቀት ደረጃው ነው፣ ኢው የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው 11 ደግሞ ክፍተቱ 1.1 ሚሊሜትር ነው። ከነዚህ ሁሉ በጣም የምትጠነቀቁት የጥርሱ ርዝመት ላይ ይሁን። 12.7 የሚፈልግ ሞተር ላይ 19 ካስገባችሁ ካንዴላው ከፒስተን ጋር ሊጋጭ ይችላል። 19 የሚፈልገው ላይ አጭር ከገባ ደግሞ ባዶ የቀረው ጥርስ ላይ ካርቦን ይጋገራል፣ በኋላ ትክክለኛውን ላስገባ ስትሉ እምቢ ይላል።

የሙቀት ደረጃውን ሰው ብዙ ጊዜ ይዘባርቀዋል። ኤንጂኬና ዴንሶ ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፣ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ ወደ ቴስታታው (ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ያስተላልፋል። ቦሽ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል። ስለዚህ ከአንዱ ብራንድ ወደ ሌላው ስትዘሉ በቁጥር አታመሳስሉ፣ ባለሱቁን ማመሳከሪያ ሠንጠረዡን ጠይቁት።

የውሸት ካንዴላ ገበያውን ሞልቶታል። ደብረ ብርሃንም ግዙ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ፣ ሳጥኑን ሳይሆን ካንዴላውን እዩ። ጽሑፉ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ፣ መሃል ያለችው ኤሌክትሮድ ወደ አንድ ጎን ካዘመመች፣ ራንዴላዋ (ከጥርሱ በላይ ያለችው የብረት ቀለበት) በቀላሉ ወልቃ ከወደቀች፣ ጥርሱ ሻካራ ከሆነ ተዉት። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካላችሁ ሬዚስተር ያለውን ከላይኛው ጫፍ እስከ መሃል ኤሌክትሮድ ለኩት፣ 5 ኪሎ ኦም አካባቢ ማንበብ አለበት። ዜሮ ካነበበ ሬዚስተር የሚባል ነገር የለውም፣ አሩ ለጌጥ ነው የተጻፈው።

ኬብሉ በሙሉ ስብስብ ይገዛ፣ አራቱ ለካንዴላ አንዱ ለኮይል። ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ርዝመታቸውን አስተያዩ። ያጠረ ኬብል ተወጥሮ ይነቀላል፣ የረዘመ ደግሞ ጭስ ማውጫው ላይ ተኝቶ ይቀልጣል። በዚያው ዲስትሪቢውተሩ ክዳንና ውስጡ የምትሽከረከረው ሮተር አርጅተው ከሆነ አብራችሁ ቀይሯቸው። አዲስ ኬብል አሮጌ ክዳን ላይ መሰካት ገንዘብ መቆጠብ አይደለም።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ውስጡ ላስቲክ ወይም ማግኔት ያለው የካንዴላ ቡሶላ (16 ወይም 20.8፣ ባለሱቆች ሁለተኛውን 21 ይሉታል)፣ ራቼት፣ አንድ አጭርና አንድ ረጅም ማራዘሚያ፣ የሚተጣጠፍ አንገት፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች፣ ጨርቅ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጠባብ ቦታ ላይ የሚያድናችሁ ግን አንድ ስንዝር የሚሆን የነዳጅ ላስቲክ ቱቦ ነው፣ የካንዴላው ነጭ ራስ ላይ ጠበቅ ብሎ የሚገባ። ለምን እንደሚያስፈልግ እደርስበታለሁ። ስልካችሁም መሣሪያ ነው፣ ዓይን የማይደርስበትን ካሜራው ያያል።

ከመፍታታችሁ በፊት

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ቴስታታው አሉሚኒየም ከሆነ ትኩስ ሆኖ ካንዴላ መፍታት ጥርሱን ይዞት ሊወጣ ይችላል። ማታ አቁሞ ጠዋት መሥራት ነው የሚሻለው። በእርግጥ ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት እጅ ራሱ አልታዘዝ ይላል፣ ውርጩ እስኪለቅ ጠብቁ፣ የደነዘዘ ጣት ጥርስ መያዙን አያውቅም።

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማው ስር ታኮ አድርጉ፣ ቁልፉን ከመኪናው አውጡ። ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱት፣ ልጅ ወይም ረዳት «ልሞክረው?» ብሎ እንዳያስነሳው። ሞተሩ ሲዞር ኬብሉ ላይ ያለው ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ሊደርስ ይችላል። የባትሪውን ኔጌቲቭ መንቀል ግዴታ ባይሆንም እኔ እነቅለዋለሁ፣ ብረት መሣሪያ ይዞ ጠባብ ቦታ መግባት ስላለ።

አሁን የጋቢናውን ወንበር አንሱ፣ የሞተሩን ክዳን መቆለፊያዎች ክፈቱ። ክዳኑ ዙሪያ ያለውን ላስቲክ እንዳትቀዱት፣ በኋላ ስለሱ እነግራችኋለሁ። የአየር ማጣሪያው ቱቦ መንገድ ከዘጋባችሁ ፍቱት፣ ማጥበቂያውን አላልታችሁ ወደ ጎን ገለል ማድረግ ይበቃል። የወጣበትን አፍ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑ። ሰው ጊዜ ለማትረፍ ብሎ ቱቦውን ሳያነሳ በጎኑ እየተጠማዘዘ ይሠራል፣ በዚያ ነው ካንዴላ የሚሰበረው። ቦታ የሚሰጣችሁን ነገር ሁሉ መጀመሪያ አንሱ።

ምንም ሳትነኩ ከላይም ከጎንም ፎቶ አንሱ። የትኛው ኬብል ከየትኛው ክዳን ቀዳዳ እንደወጣ የሚታይበት ፎቶ መሆን አለበት። ከዚያ በቀለም ወይም በፕላስተር ቁጥር ስጧቸው። አንደኛው ሲሊንደር ቺንጋው ባለበት በኩል ያለው ነው፣ ከዚያ 2፣ 3፣ 4 ወደ ኋላ።

ካንዴላዎቹ የተቀመጡበት ጉድጓድ ውስጥ አቧራና ጠጠር አለ። መሐል ሜዳ ደርሶ የመጣ መኪና ከሆነማ ግማሽ መንዝ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ይህ ቆሻሻ ካንዴላው ሲወጣ ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ኬብሉን ነቅላችሁ ካንዴላውን ከመፍታታችሁ በፊት ጉድጓዱን በአየር ንፉት። ኮምፕረሰር ከሌላችሁ አቅራቢያችሁ ያለ ጎሚስታ ዘንድ ሂዱ፣ ለሻይ የሚሆን ብትሰጡት ይነፋላችኋል። ዓይናችሁን ሸፍኑ።

አንድ በአንድ

ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ አንዱን ሲሊንደር ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። አንድ ኬብል ንቀሉ፣ አንድ ካንዴላ ፍቱ፣ አዲሱን አስገቡ፣ አዲሱን ኬብል ሰኩ፣ ቀጥሉ። አራቱንም ኬብል ነቅሎ ወለሉ ላይ የበተነ ሰው ግማሽ ቀኑን የሚያጠፋው ካንዴላ በመቀየር ሳይሆን ተራ በመፈለግ ነው።

ኬብሉን ስትነቅሉ ገመዱን አትጎትቱ። ካንዴላው ላይ የተቀመጠውን ላስቲክ ኮፍያ ያዙ፣ መጀመሪያ ግራና ቀኝ አዙሩት፣ ሲላቀቅ ትሰሙታላችሁ፣ ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። የተጣበቀው ካልላቀቀ ማዞሩን ቀጥሉ። ገመዱን ከሳባችሁ ውስጡ ያለው የካርቦን ክር ይበጠሳል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። አሁን እየጣላችሁት ስለሆነ ግድ የለም ልትሉ ትችላላችሁ፣ ግን ኮፍያው ተቆርጦ ጉድጓዱ ውስጥ ከቀረ በፒንሳ ስትቆፍሩ ነው የምትውሉት።

የኋለኛዎቹ ሲሊንደሮች ላይ እጅ ሙሉ በሙሉ አይገባም። ዘዴው ቡሶላውን፣ ማራዘሚያውንና ራቼቱን ውጭ ገጣጥሞ ለማስገባት አለመሞከር ነው። ቡሶላውን ብቻውን መጀመሪያ አስገቡ፣ ካንዴላው ላይ ይቀመጥ፣ ከዚያ ማራዘሚያውን ሰኩበት፣ መጨረሻ ላይ ራቼቱን። ስታወጡም በተቃራኒው። አንገቱን የሚተጣጠፈውን ቡሶላው አጠገብ ሳይሆን ከማራዘሚያው በላይ አድርጉት፣ ታች ከሆነ ቡሶላው ያዘምና ነጩን ሸክላ ይሰብረዋል።

ካንዴላውን ሩብ ዙር ብቻ አላሉትና ቆም በሉ፣ እንደገና አየር ንፉበት፣ የቀረው ቆሻሻ አሁን ይለቃል። ከዚያ ፍቱት። በጣም ከጠነከረ አትታገሉት። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ቆዩ፣ ትንሽ ፍቱ፣ ትንሽ መልሱ፣ ትንሽ ፍቱ። ጥርሱ ከተበላሸ ጉዳዩ ከካንዴላ ዋጋ አልፎ ቶርኖ ቤት ይደርሳል፣ እዚያ ቀዳዳውን አስፍተው አዲስ ጥርስ ያስገቡበታል፣ ለዚያ ደግሞ ቴስታታው መውረድ ሊኖርበት ይችላል።

ካንዴላው ሲወጣ ራንዴላው አብሮት መውጣቱን እዩ። ቀዳዳው ላይ ተጣብቆ ከቀረ አዲሱ በሁለት ራንዴላ ላይ ይቀመጣል፣ በደንብም አይታተምም። ጉድጓዱ ውስጥ የሞተር ዘይት ካገኛችሁ የፑንተሪያ ክዳኑ (ከቴስታታው በላይ ያለው) ጓርኒሲዮን (ማተሚያ) አርጅቷል፣ ካልተቀየረ አዲሱን ኮፍያ ያበላሸዋል።

አሮጌው ምን ይላል

የወጡትን ካንዴላዎች በተራቸው ካርቶን ላይ ደርድሩ፣ ቁጥር ጻፉባቸው። ብዙ ሰው ወርውሮ ይጥላቸዋል። እኔ ግን ከዚህ ሥራ ሁሉ የምወደው ይህን ነው፣ ሞተሩን ሳትከፍቱ ውስጡን የምታዩት በነሱ ነውና።

ቀለል ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል። እዚህ ላይ ግን ለእኛ አካባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ጣርማበር ከ3,000 ያልፋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ካርቡራተር ደግሞ ይህን አያውቅም፣ ለቆላ የተስተካከለውን ቤንዚን ይሰጣል። ውጤቱ ነዳጅ የበዛበት፣ አየር ያነሰበት ድብልቅ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ የሚውል ባለ ካርቡራተር መኪና ካንዴላው ትንሽ ቢጠቁር አትደንግጡ፣ ወደ ሞቃት ካንዴላ ለመቀየርም አትቸኩሉ። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እዩ፣ ከዚያ ካርቡራተሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ለከፍታው አስተካክሉት። ያው መኪና ሸዋ ሮቢት ወርዶ ከሰነበተ ካንዴላው ነጣ ብሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ቆላና ደጋ ለሚመላለስ መኪና መሃል ላይ ያለ ማስተካከያ ነው የሚሻለው።

እርጥብና ዘይታማ ጥቁር ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ዘይት በፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም በቫልቭ ጎሚኒው (የቫልቩ ማተሚያ ላስቲክ) በኩል እየገባ ነው። ካንዴላ መቀየር ለጥቂት ጊዜ ይረዳል እንጂ አያድነውም። አንዱ ብቻ በቤንዚን ረጥቦ ሦስቱ ደረቅ ከሆኑ ያ ሲሊንደር እሳት አላገኘም፣ ኬብሉን ጠርጥሩ። ነጭ ሆኖ ጫፉ የቀለጠ ወይም ያበጠ ከሆነ ሞተሩ ከልክ በላይ እየሞቀ ነው፣ አየር የሚስብ ቦታ ይኖራል ወይም ታይሚንጉ (ብልጭታው የሚሰጥበት ጊዜ) ቀድሟል። አዲስ ካንዴላ አስገብታችሁ ዳገት አትውጡበት፣ መጀመሪያ ምክንያቱን አግኙ።

ነጩን ሸክላም አገላብጣችሁ እዩ። ከብረቱ በላይ ዙሪያውን ቡናማ ቀለበት ካለ ችግር አይደለም። ከላይ ወደ ታች በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ካለ ግን ኤሌክትሪኩ በውጭ ሲዘል ኖሯል። የዚያ ኬብል ኮፍያ ውስጡም ተመሳሳይ መስመር ይኖረዋል። ካንዴላውን ብቻ ቀይሮ ያንኑ ኬብል መመለስ ከንቱ ነው፣ መስመሩ አዲሱ ላይም ይሳላል። በእኔ እይታ ካንዴላ በማያጠፋው ጥፋት በብዛት የሚከሰሰው በዚህ ምክንያት ነው፣ ሰው ካንዴላ እየቀያየረ ኬብሉን አምስት ስድስት ዓመት ያቆየዋል።

ኬብሉን ለማረጋገጥ ቴስተሩን ኪሎ ኦም ላይ አድርጉና ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። ቶዮታ ላይ አንዱ ኬብል ከ25 ኪሎ ኦም ማለፍ የለበትም። እየለካችሁ ገመዱን ጎንበስ ቀና አድርጉት፣ ቁጥሩ ከዘለለ ወይም ከጠፋ ክሩ ተበጥሷል።

አዲሱን ማስገባት

የአዲሱን ክፍተት ለኩ። ፑንቲና (ዲስትሪቢውተር ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳ) ያላቸው አሮጌ ሞተሮች ብዙዎቹ 0.8 ሚሊሜትር አካባቢ ይፈልጋሉ፣ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ያላቸው እስከ 1.1 ይሄዳሉ። ትክክለኛው ቁጥር የመኪናው መጽሐፍ ላይ ወይም ኮፈኑ ውስጥ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። ማስተካከል ካስፈለገ የጎኗን ብረት ብቻ ቀስ አድርጋችሁ አጉብጡ፣ የመሃሏን አትንኩ። ኢሪዲየም ከሆነ ጭራሽ ባትነኩት ይሻላል፣ ጫፉ ቀጭን ነው፣ ይሰበራል። መሬት ላይ የወደቀ ካንዴላ አዲስም ቢሆን አታስገቡት፣ ሸክላው ውስጥ ለውስጥ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

አሁን ያቺን የነዳጅ ላስቲክ አምጡ። የካንዴላውን ነጭ ራስ አንዱ አፏ ውስጥ ሰኩት፣ ሌላውን ጫፍ ይዛችሁ ካንዴላውን ወደ ቀዳዳው አውርዱት። በጣታችሁ ላስቲኩን መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደሚፈታበት አዙሩ፣ ጥርሱ ከጥርስ ጋር ሲገናኝ ቀጭ የምትል ነገር ይሰማችኋል። ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩ። በትክክል ከያዘ እስከ መጨረሻው በጣት ይሄዳል። በዘወርዋራ ከያዘ ላስቲኩ ራሱ ይንሸራተታል እንጂ አይገፋም፣ ጥርስ ለማበላሸት ጉልበት የለውም። ይህ ነው ጥቅሙ። ራቼት ግን ጉልበት አለው፣ በተሳሳተ መንገድም ቢሆን ይገፋል፣ እናንተም «ትንሽ ጠበቅ አለ እንጂ ገባ» ትላላችሁ። ቢያንስ ሦስት አራት ዙር በእጅ ሳይገባ ራቼት አትሰኩበት።

በእጅ እስከ መጨረሻ ከሄደ በኋላ ራንዴላ ያለው አዲስ ካንዴላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይጠብቃል። ራንዴላው ሲጨፈለቅ ለስለስ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ይጠነክራል፣ እዚያ ላይ አቁሙ። ተመልሶ የሚገባ አሮጌ ካንዴላ ከሆነ ራንዴላው አንዴ ስለተጨፈለቀ ከአንድ ስድስተኛ ዙር በላይ አይፈልግም። ራንዴላ የሌለው፣ መቀመጫው ሾጣጣ የሆነው ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፣ አንድ አሥራ ስድስተኛ ዙር። ራቼቱን በረጅሙ ጫፉ አትያዙ፣ ወደ አንገቱ ጠጋ ብላችሁ ያዙት፣ ጉልበታችሁ በራሱ ይቀንሳል። ጥርሱን በግሪስ አትቀቡ፣ ግሪስ ከሚገባው በላይ እንዲጠብቅ ያደርገዋል።

ኬብሉን ከመሰካታችሁ በፊት ኮፍያው ውስጥ የሲሊኮን ግሪስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ለእርጥበትም ይጠቅማል፣ በሚቀጥለው ጊዜም አይጣበቅም። ተራ የጎማ ግሪስ አይሆንም፣ ላስቲክ ይበላል። ስትጫኑት ቀጭ እስኪል ግፉት። ካላለ አልገባም። የዲስትሪቢውተሩ በኩል ያለውም እንደዚያው። እዚያ ያለውን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ፣ የተሰነጠቀ፣ ጥቁር መስመር የሠራ ወይም ምሰሶዎቹ ነጭና አረንጓዴ ዝገት የያዙ ከሆነ ቀይሩት።

የገመዱ አቀማመጥ ላይ አትስነፉ። መያዣ ፕላስቲኮቹ ለጌጥ አልተሠሩም። ኬብሎቹ ተጠጋግተው ተያይዘው ከሄዱ አንዱ ሌላው ላይ ኤሌክትሪክ ያሳድራል፣ በተለይ ተከታትለው የሚቀጣጠሉ ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ። ከጭስ ማውጫው ራቅ፣ ከሚሽከረከር ቺንጋ ራቅ፣ ስለት ካለው ብረት ራቅ ይበሉ። መያዣው ከተሰበረ በፕላስቲክ ማሰሪያ ለያይታችሁ እሰሩ፣ አንድ ላይ ጠቅልላችሁ ግን አታጥብቁ።

ተራው ከጠፋባችሁ

ሰው ነቅሎት አግኝታችሁት ሊሆን ይችላል። የቶዮታ ባለ አራት ሲሊንደር የድሮ ሞተሮች የማቀጣጠል ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። የአንደኛውን ካንዴላ ፍቱ፣ ቀዳዳውን በጣት ወይም በጨርቅ ዝጉ፣ ሞተሩን በፑሊው ቡሎን በቁልፍ አዙሩት። አየር ጣታችሁን ሲገፋ ፒስተኑ አየሩን እያመቀ ነው። ፑሊው ላይ ያለው ምልክት ዜሮው ጋ እስኪደርስ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ። አሁን ክዳኑን ስታነሱ ሮተሯ የምታመለክተው ቀዳዳ የአንደኛው ሲሊንደር ነው። ሮተሯ በየት በኩል እንደምትዞር ሞተሩን ትንሽ ጨምራችሁ አዙራችሁ እዩ፣ ከሞተር ሞተር ይለያያል፣ ከዚያ በዚያው አቅጣጫ 3፣ 4፣ 2 እያላችሁ ሰኩ።

ማስነሳት

መሣሪያ ቁጠሩ፣ ጨርቅ ቁጠሩ። የአየር ቱቦውን መልሱ፣ ባትሪውን ሰኩ፣ አስነሱት። ሞተሪኖው (ማስነሻው) እየዞረ ሞተሩ ካስነጠሰ ወይም በካርቡራተሩ ከተኮሰ ሁለት ኬብሎች ተለዋውጠዋል፣ ወዲያው አቁሙና ፎቶውን እዩ። ተነስቶ በሦስት የሚሠራ ከሆነ አንዱ ኮፍያ ቀጭ አላለም፣ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ሲሊንደር ነው፣ እጅ የማይደርስበት።

ማታ ጨለማ ላይ ሞተሩን አስነስታችሁ፣ እጃችሁን ሳታስገቡ፣ ኬብሎቹን ተመልከቱ። ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ የሚያፈስበት ቦታ እዚያው ነው። አሮጌው ኬብል ላይ ይህን ቀድማችሁ ብታደርጉ ጥፋቱን ሳትገዙ ታውቁት ነበር። ቤንዚን የሚሸትበት ቦታ ላይ ግን ይህን አታድርጉ፣ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ነዳጅ አስተካክሉ።

የሞተሩን ክዳን ስትመልሱ ዙሪያ ያለው ላስቲክ በቦታው መቀመጡን በጣት እየዳሰሳችሁ እዩ። ሞተሩ ከተሳፋሪው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያለው፣ ጭስ የሚያፈስ ከሆነ በዚያ ክፍተት ጋቢና ይገባል። ብርድ ስለሆነ መስኮት ተዘግቶ በሚኬድበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መቆለፊያዎቹን ዝጉ፣ ወንበሩ መያዙን ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ከዚያ ዳገት ላይ ፈትኑት። ጣርማበር ዋሻ ድረስ መሄድ ግድ አይደለም፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆናችሁ ነዳጅ በደንብ የምትረግጡበት ዳገት ይበቃል። ለስለስ ብሎ ከወጣ ጨርሳችኋል። አሁንም የሚደነቃቀፍ ከሆነ እሳቱ በኩል የቀረው ኮይሉ ነው፣ ከሱ በኋላ ወደ ነዳጁ መሄድ ትችላላችሁ።

ተራው ካንዴላ ከ20 እስከ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከአሮጌዎቹ ኬብሎች መሃል ስትለኩት ደህና የሆነውንና ረጅሙን ጠቅልላችሁ፣ ከአንድ ደህና ካንዴላና ከዚያች ላስቲክ ጋር ወንበሩ ስር አስቀምጡ። ረጅሙ ለሁሉም ሲሊንደር ይደርሳል።